የሞተር ኮምፒውተር ለማስተካከል ታማኝ ጋራዥ መምረጥ፦ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢው ለሚገኙ ባለንብረቶች

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና በጥንቃቄ መያዝ ከቀድሞው የበለጠ አስፈላጊ ሆኗል። በቤንች ሸኮና በሸካ ዞኖች ደግሞ ጉዳዩ ከቡናው ጋር ይያያዛል። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ወደ መፈልፈያ ጣቢያ መድረስ ስላለበት፣ በለቀማ ወራት ለአንድ ሳምንት ጋራዥ የቆመ ፒክአፕ የሚያስከትለው ኪሳራ ከጥገና ሒሳቡ ሊበልጥ ይችላል። «የሞተርዎን ኮምፒውተር አስተካክለን ጉልበቱን እንጨምርልዎ» የሚል አገልግሎት የቀረበላቸው ባለንብረቶች ከመስማማታቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች ከዚህ በታች ተብራርተዋል።

የሞተር ኮምፒውተር ከሴንሰሮች በሚያገኘው መረጃ መሠረት የሚረጨውን ነዳጅ መጠን፣ የሚረጭበትን ቅጽበትና የተርቦውን ግፊት ይወስናል። ለዚህ የሚገለገልባቸው ሠንጠረዦች በፋብሪካ ተጽፈውበታል። በጋራዥ ቋንቋ «ሪማፕ» የሚባለው ሥራ እነዚህን ሠንጠረዦች መለወጥ ነው። ተርቦ ባላቸው ዘመናዊ የናፍታ ሞተሮች ለውጡ ጎልቶ ይታያል፤ ተርቦ በሌላቸው የቤንዚን መኪናዎች ግን ጭማሪው ጥቂት ነው። በአገራችን በብዛት የሚታየው ባለ 1ኤችዜድ ሞተሩ ላንድክሩዘር ደግሞ ነዳጁን የሚረጨው በሜካኒካል ፓምፕ ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ የሚለወጥ ሠንጠረዥ የለውም። ይህንን ሳይጠይቅ በዋጋ መደራደር የሚጀምር ጋራዥ ገና ከመነሻው ሊያጠራጥርዎ ይገባል። የሚጨመረው ጉልበት ፋብሪካው ለክላቹ፣ ለተርቦውና ለማቀዝቀዣው ደኅንነት ሲል ከተወው ትርፍ አቅም ላይ የሚቆረስ ነው፤ ብዙ ዓመት በጭነት በሠራ መኪና ላይ ያ ትርፍ አስቀድሞ ያለቀ ሊሆን ይችላል።

ታማኝ ባለሙያ ከመጻፉ በፊት ያነባል። ከመሪው በታች ካለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ላይ የመመርመሪያ መሣሪያውን ሰክቶ፣ ኮምፒውተሩ የመዘገባቸውን የብልሽት ኮዶች በጽሑፍ ይሰጥዎታል። ኮዱ የትኛው ዕቃ እንደሚገዛ አይናገርም፤ ፍተሻው ከየት እንደሚጀመር ብቻ ያመለክታል። ለምሳሌ «ፒ0087» የሚለው ኮድ የነዳጁ ግፊት ከሚፈለገው በታች መሆኑን ያሳያል። መንስኤው የተደፈነ የናፍታ ፊልትሮ ወይም የደከመ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ጉልበት ያነሰው መኪና ፊልትሮ ሳይታይለት ኮምፒውተሩ ከተለወጠ፣ ባለንብረቱ ለሁለት ችግር ከፍሎ ይወጣል ማለት ነው።

በዚህ አካባቢ ሁኔታ አስቀድመው ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ዘመናዊ የናፍታ ሞተር ነዳጁን ከ1,000 ከባቢ አየር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚረጭ፣ በጀሪካን ከተገዛ ናፍታ ጋር የገባ ጥቂት ውሃ እንኳ ኢንጀክተሮቹን ሊያበላሽ ይችላል። ዝናቡና እርጥበቱ ብዙ በመሆኑም የሽቦ ማገናኛዎች ይዝጋሉ፤ ሴንሰሩ ደኅና ሆኖ ሳለ መረጃው ለኮምፒውተሩ ተዛብቶ ይደርሳል። በቡና መጋዘን አጠገብ የሚያድር መኪና ከሆነ አይጥ የበላችው ሽቦ መኖር አለመኖሩም ይታይ፤ ነገሩ ቀላል ቢመስልም ብዙ ወጪ ያድናል። ኮዶቹን ሳያሳይዎ አጥፍቶ «ተሠርቷል» የሚል ጋራዥ ግን መብራቱን እንጂ ብልሽቱን አላጠፋም።

«አዲስ አበባ የነበረ መኪና ለቴፒ ከፍታ መስተካከል አለበት» የሚል ምክር ከሰሙ አይቀበሉት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ቴፒ 1,200 ሜትር ገደማ ከባሕር ጠለል በላይ ይገኛሉ። ቴፒ ላይ አየሩ ስለሚወፍር ተርቦ የሌለው ሞተር በራሱ ጊዜ ይበረታል፤ ኮምፒውተሩም የአየሩን ግፊት ወይም መጠን በሴንሰር እየለካ ነዳጁን ያመጣጥናል። መጠንቀቅ የሚገባው በተቃራኒው በኩል ነው። ቴፒ ላይ ብቻ ተሞክሮ የተርቦ ግፊቱ ከፍ የተደረገ መኪና በቦንጋና በጅማ አልፎ፣ ጊቤን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ፣ ያንኑ ግፊት በሳሳ አየር ለመስጠት ተርቦው ከመጠን በላይ ይሽከረከራል። ስለዚህ «መኪናዬ ከፍተኛ ቦታ ላይ ሲወጣ ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ራሱ የባለሙያውን ዕውቀት ያሳይዎታል።

ከሁሉ በላይ ግን የፋብሪካውን ፋይል ነገር ችላ አይበሉ። ባለሙያው ከመለወጡ በፊት በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ፋይል አንብቦ ማስቀመጥ፣ ቅጂውንም በፍላሽ ለእርስዎ መስጠት አለበት። ቅጂው በእጅዎ ከሌለ፣ ነገ ሌላ ጋራዥ መኪናዎን ወደ ነበረበት ለመመለስ ይቸገራል። «ፋይሉ የእኛ ምስጢር ነው» የሚል መልስ ለተለወጠው ፋይል ሊያስኬድ ይችል ይሆናል፤ ለፋብሪካው ፋይል ግን ምክንያት አይሆንም። በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ ሊሞት ስለሚችል፣ የመኪናው ባትሪ በማያቋርጥ ቻርጀር መደገፉን፣ መብራት ቢጠፋ መጠባበቂያ መኖሩን ይመልከቱ። የጭስ ማጣሪያውን «በኮምፒውተር እናጥፋው» ወይም የኪሎሜትር ቆጣሪውን «እንቀንሰው» የሚል ጋራዥ ከሆነ ተሰናብተው ይውጡ፤ ሌላውን ደንበኛ ለማታለል የማይሰንፍ እጅ ለእርስዎም አይታመንም።

የኮምፒውተሩን ሳጥን ፈትቶ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ መላክ የግድ ከሆነ፣ የሳጥኑን ቁጥር በፎቶግራፍ ይያዙ፤ ተመልሶ የመጣውም ያው መሆኑን ያመሳክሩ። በብዙ መኪናዎች ሳጥኑ ከቁልፉ ጋር በኮድ የተቆራኘ ስለሆነ፣ የተለወጠ ሳጥን ሞተሩን ላያስነሣ ይችላል። ከተቻለ መኪናውን ራሱን ወስዶ መንገድ ላይ ማስሞከር ይሻላል። የፋብሪካ ዋስትና ያለው ወይም ሙሉ መድን የተገባለት መኪና ከሆነ ደግሞ ውሉን አስቀድመው ያንብቡ።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ የተነበቡት ኮዶች፣ የሚሠራው ሥራና ዋጋው ይጻፍበት። የጋራዡን የታደሰ ንግድ ፈቃድና የባለሙያውን የሙያ ብቃት ምዘና የምስክር ወረቀት ለማየት መጠየቅ ነውር አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ጉዳት ሲደርስበትም የመካስ መብት ይሰጠዋል፤ ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። አቤቱታ ያለው ባለንብረት የጽሑፍ ስምምነቱን፣ ደረሰኙን፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የተነበቡትን ኮዶችና የሊብሬውን ቅጂ ይዞ ጋራዡ በሚገኝበት ከተማ ወዳለው የንግድ ጽሕፈት ቤት መቅረብ ይችላል።