ለቫት መመዝገብ ያዋጣል? መልሱ ያለው በደንበኛው መዝገብ ላይ ነው

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከቱሉ ዲምቱ ነው። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይህ መንገድ በ2007 ዓ.ም. ለትራፊክ ከተከፈተና በአካባቢው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከተገነቡ ወዲህ ሰፈሩ ገበያ ሆኗል። ከባድ መኪና ባለበት ጎሚስታ አይጠፋም። ጎሚስታ ካለ ጋራዥ ይከተላል። ጋራዥ ካለ ደግሞ ምግብ ቤቱ፣ ላቫጆውና ፀጉር ቤቱ መምጣታቸው አይቀርም።

የእነዚህ አገልግሎት ሰጪዎች ሥራ እየሰፋ ሲሄድ አንድ ጥያቄም አብሮ ያድጋል። በሁለት ሠራተኛ የተጀመረው ጋራዥ ስምንት ሲቀጥር፣ ባለቤቱ “ቫት ልግባ ወይስ ባለሁበት ልቆይ?” ማለቱ አይቀርም። መልሱን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ጎረቤቱን ነጋዴ ነው። ነገር ግን በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ለሚሠሩ ሁለት ነጋዴዎች ትክክለኛው መልስ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል።

የተጨማሪ እሴት ታክስ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ተደንግጎ በ1995 ዓ.ም. የሽያጭ ታክስን ተክቶ ሥራ ላይ ሲውል፣ ማስከፈያ ልኩ 15 ከመቶ፣ የግዴታ መመዝገቢያው ጣራ ደግሞ የ500,000 ብር ዓመታዊ ሽያጭ ነበር። ጣራው ከዓመታት በኋላ ወደ 1 ሚሊዮን ብር ከፍ ብሎ ነበር። አዋጁም በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ተተክቷል። ጣራ በብር የሚለካ በመሆኑ ግን ብር ሲረክስ ነጋዴው ሳያድግም ወደ ጣራው ይጠጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ የሚገጥም ጋራዥ፣ የመኪናው ቁጥር ሳይጨምር የደረሰኙ ድምር ሊያብጥ ይችላል።

የጋራዡ ሒሳብ

በምሳሌነት አንድ ጋራዥ ይወሰድ። ለአንድ ትልቅ ሥራ ዘይትና መለዋወጫ በ40,000 ብር ሲገዛ 6,000 ብር ቫት ይከፍላል። ለደመወዝና ለኪራይ 35,000 ብር ያወጣል። ያልተመዘገበ ከሆነ የከፈለውን ቫት የሚያስመልስበት መንገድ ስለሌለው ወጪው 81,000 ብር ነው። 19,000 ብር ማትረፍ ከፈለገ ደንበኛውን 100,000 ብር ይጠይቃል።

ይኸው ጋራዥ ተመዝጋቢ ቢሆን 6,000 ብሩ ከሚያስረክበው ታክስ ላይ ስለሚቀነስለት ወጪው ወደ 75,000 ብር ይወርዳል። ያንኑ 19,000 ብር ለማትረፍ ዋጋው 94,000 ብር፣ በላዩ ላይ 14,100 ብር ቫት፣ በድምሩ 108,100 ብር ይሆናል።

ደንበኛው የቃሊቲ ፋብሪካ ከሆነና እሱም ተመዝጋቢ ከሆነ 14,100 ብሩን ከራሱ ታክስ ላይ ያቀናንሳል። ስለዚህ ጥገናው የሚያስወጣው 94,000 ብር ብቻ ነው። ለፋብሪካው ውድ መስሎ የሚታየው ባለቫት ጋራዥ ከጎረቤቱ በ6,000 ብር ይረክሳል ማለት ነው። ደንበኛው የቤት መኪናውን ይዞ የመጣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሆነ ግን የሚያቀናንሰው ነገር የለም። ከኪሱ የሚወጣው 108,100 ብር ነው፤ ቫት የሌለው ጎረቤት ደግሞ በ100,000 ብር ይሠራለታል።

በመሃል ያለው የጭነት መኪና ባለቤት ነው። በ1994ቱ አዋጅ የትራንስፖርት አገልግሎት ከቫት ነጻ ስለነበረ፣ ባለመኪናው በደረሰኝ የከፈለውን ቫት ማቀናነስ አይችልም ነበር። ነጻ መሆን ጥቅም ብቻ እንዳልሆነ ብዙ ባለንብረት የተረዳው ጎማና መለዋወጫ ሲገዛ ነው። አዲሱ አዋጅ የነጻነቱን ዝርዝር ጠበብ ስላደረገው፣ ዋና ደንበኛው ባለመኪና የሆነ ጋራዥ የደንበኞቹን አቋም እንደገና መጠየቅ ይኖርበታል።

የሕጉ ሐሳብም ከዚሁ የራቀ አልነበረም። በ1994ቱ አዋጅ ጣራው ሳይደርስ በፈቃዱ መመዝገብ የሚችለው ቢያንስ 75 ከመቶ የሚሆነውን ሽያጩን ለተመዝጋቢዎች የሚያቀርብ ነጋዴ ነበር። ያልተመዘገበውም ቢሆን ከታክስ ውጭ አልተተወም። አዋጅ ቁጥር 308/1995 በአብዛኛው አገልግሎት ላይ 10 ከመቶ ተርን ኦቨር ታክስ ጥሎ ነበር። ይህን ታክስ ገዢው ማቀናነስ ስለማይችል፣ ሕጉን አክብሮ ለሚሠራ ያልተመዘገበ ጋራዥ ከላይ ያለው 100,000 ብር 110,000 ይሆንበት ነበር።

የጨረታው ነገርም አለ። በጋዜጣ የሚወጡ የጨረታ ማስታወቂያዎች “የዘመኑን ግብር የከፈሉና የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ የሆኑ” ብለው ነው የሚጀምሩት። የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ ጥገና የሚመኝ ጋራዥ የምስክር ወረቀቱን ካልያዘ ከበሩ ይመለሳል።

የፀጉር ቤቱ ሒሳብ

አሁን ደግሞ ከጋራዡ አጠገብ ያለች ፀጉር ቤት ትታይ። 100,000 ብር እስክትሰበስብ ድረስ ለሻምፖና ለቅባት ከነቫቱ 11,500 ብር፣ ለደመወዝና ለኪራይ 60,000 ብር ታወጣለች። 28,500 ብር ይተርፋታል።

ብትመዘገብና ደንበኞቿ ዋጋ እንዳይሸሹ በቀድሞው ዋጋ ብትቀጥል፣ ከ100,000 ብሩ ውስጥ 13,043 ብር ቫት ነው። በግዢ የከፈለችው 1,500 ብር ሲቀነስ 11,543 ብር ታስረክባለች። ትርፏ ወደ 16,957 ብር ይወርዳል፤ ከቀድሞው 40 ከመቶ ገደማ ሄደ ማለት ነው። የፀጉር ቤት ዋና ወጪ የሰው እጅ ነው፤ ደመወዝ ደግሞ የቫት ደረሰኝ የለውም። ደንበኞቿም ደረሰኝ የሚያቀናንሱ አይደሉም። ሕግ ሳያስገድዳት ብትመዘገብ “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” የሚባለው ይሆናል።

ደረሰኝ የሌለው ርካሽ

ለጋራዡ የወጣው ጥሩ ሒሳብ የሚሠራው አንድ ነገር ሲሟላ ነው፤ መለዋወጫው በሕጋዊ ደረሰኝ ሲገዛ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ከደረሰኝ ቁጥጥር ጋር በተያያዘ ብዙ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር ይታወሳል። ከሶማሌ ተራ ዕቃ የሚያመጣ ጋራዥ ጉዳዩ የባለሱቁ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የ46,000 ብሩን ዕቃ ያለ ደረሰኝ በ42,000 ብር ቢያገኝ፣ 4,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ የሚቀነስለትን 6,000 ብር አጥቷል። በደረሰኝ ቢገዛ ዕቃው የሚያስወጣው 40,000 ብር ብቻ ነበር። ለተመዝጋቢ፣ ደረሰኝ የሌለው ርካሽ በ2,000 ብር ውድ ነው።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። ቫት በየጊዜው ይታወቃል። ደረሰኙ ከተቆረጠ በኋላ ፋብሪካው ክፍያውን ሁለት ወር ቢያዘገይ፣ ጋራዡ ገና ያልተቀበለውን ታክስ ከኪሱ ያስረክባል። በዚህ ላይ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውና ሒሳብ ያዡ አሉ። እነዚህ ወጪዎች ሥራው አነሰም በዛም አይቀሩም።

ጣራውን ሳያውቁ ማለፍ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ምርጫ ላለው ነጋዴ ነው። ጣራውን ላለፈ ምርጫ የለም። አደጋው ያለው ባለቤቱ ሳያውቅ ሲያልፍ ነው። በ1994ቱ አዋጅ ስሌቱ የበጀት ዓመት መዝጊያን አይጠብቅም ነበር፤ የማንኛውም ተከታታይ 12 ወራት ሽያጭ ይደመራል፣ በሚቀጥሉት 12 ወራት ያልፋል ተብሎ የሚጠበቅም ይታያል። ጣራውን ካለፈ በኋላ የ400,000 ብር ሥራ ያለ ቫት የሠራ ነጋዴ እስከ 60,000 ብር ታክስ፣ ከነመቀጫውና ከነወለዱ ሊጠየቅ ይችላል። ያን ጊዜ ጎማውን አስገጥሞ ወደ አዳማ የሄደውን ደንበኛ ጠርቶ “15 ከመቶ ጨምርልኝ” ማለት አይቻልም።

ይህን ፈርተው ከጣራው ሥር የሚያጎነብሱም አሉ። ፈቃዱን በሁለት የቤተሰብ አባል ስም መክፈል፣ ሰኔ ላይ ሥራ መመለስ የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ በእንግሊዝም የሽያጭ መጠናቸውን ሆን ብለው ከጣራው ጥቂት ዝቅ አድርገው የሚይዙ ትንንሽ ድርጅቶች በጥናት ታይተዋል። መዘዙ ግን ያው ነው። ከጣራው ሥር ለመቆየት የተመለሰ ፋብሪካ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጋራዥ ለምዷል።

የቱሉ ዲምቱ ነጋዴ ውሳኔውን ለመስጠት አማካሪ ፍለጋ ከመሄዱ በፊት ያለፉትን 12 ወራት ሽያጭ በአንድ ወረቀት ላይ ይደምር። ከእያንዳንዱ ደንበኛ ስም ጎን ተመዝጋቢ መሆን አለመሆኑን፣ ከእያንዳንዱ ግዢ ጎን ደረሰኝ መኖር አለመኖሩን ይጻፍ። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” እንዲሉ፣ ይህን ሥራ የታክስ ኦዲተር በር ላይ ከቆመ በኋላ መጀመር አይበጅም።