በስሙ መጨረሻ ያለችው ፊደል

ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር የሚገባ ወጣት፥ ባጠራቀማት ጥቂት ገንዘብ የጨዋታ ኮምፒዩተር ራሱ ለመገጣጠም ዕቃ ሲገዛ፥ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው የፕሮሰሰሩ ምርጫ ነው። ፕሮሰሰር የኮምፒዩተሩ አእምሮ መሆኑ እርግጥ ነው። ሆኖም በጨዋታ ጊዜ ሥዕሉን የሚሠራው ግራፊክስ የሚባለው ክፍል ስለ ሆነ፥ ገንዘቡን ሁሉ በፕሮሰሰር ላይ ማፍሰስ አይበጅም።

ስለዚህ ገዥው ከዋጋው በፊት በፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ያለችውን ፊደል እንዲመለከት እንመክራለን። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢንቴል ኮር አይ3-12100ኤፍ 4 ኮር ያለው ፈጣን ዕቃ ነው፤ ነገር ግን «ኤፍ» ማለት ግራፊክስ በውስጡ የለም ማለት ነው። የግራፊክስ ካርድ ለብቻው ካልተገዛለት ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል፤ ገዥውም ደባርቅ ከደረሰ በኋላ ያን ሁሉ መንገድ እንደ ገና መመለሱ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ ግን 6 ኮርና የራሱ ግራፊክስ አለው፤ ቀለል ያሉ ጨዋታዎችን ያለ ካርድ ያጫውታል። ይህ ግራፊክስ በራሙ ስለሚጠቀም፥ ከአንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ይልቅ ሁለት ባለ 8 ቢገጠምለት ይፈጥናል።

እንግዲህ ካርዱን ዛሬውኑ ለመግዛት አቅም ያለው ባለ «ኤፍ»ውን ይውሰድ፤ ካርዱን ለከርሞ የሚያቆይ ግን ባለ «ጂ»ውን ቢመርጥ ገንዘቡ ከንቱ አይቀርም እንላለን።