መንገዱ ሳይዘጋ፦ የአስም መድኃኒት በደቡብ ጎንደር ደጋ

በአገራችን የመድኃኒት አቅርቦት አሠራር አንድ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ከሁለት ወር ያላነሰ፣ ከአራት ወር ያልበለጠ ክምችት እንዲይዝ ይጠበቃል። በየሁለት ወሩ የተጠቀመውንና የቀረውን በቅጽ ሞልቶ ይጠይቃል። ክምችቱ ወርዶ ለሁለት ሳምንት ብቻ የሚበቃ ሲሆን ተራውን ሳይጠብቅ አስቸኳይ ጥያቄ ይልካል። ለጤና ኬላ ልኩ ያንሳል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ነው። ስሌቱ በደንብ ታስቦበታል። የቆመው ግን መኪናው ይመጣል በሚል እምነት ላይ ነው።

ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መድኃኒት ከባሕር ዳርም ይነሣ ከጎንደር፣ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የዓለም በርን ዳገት መውጣት አለበት። ከደብረ ታቦር ወዲያም ጉናን ተጠግቶ በክምር ድንጋይ አድርጎ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ከዚያም ወደ ጋሸናና ወደ ወልድያ የሚዘልቀው ያው አንድ መንገድ ነው። የታች ጋይንትና የስማዳ ሰውም ዞሮ ዞሮ የዚሁ መንገድ ጥገኛ ነው። አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ጋፋት ላይ ያሠሩትን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገድ እየተቆረጠ ጉዞው ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ዛሬ አስፋልት አለ። አስፋልቱ ሲዘጋ ግን በሌላ በኩል ይምጣ የሚባልበት አማራጭ ጥቂት ነው።

ከብዙ ሥር የሰደዱ በሽታዎች አስምን ለይቼ የማነሣው በምክንያት ነው። የደም ግፊት ታማሚ ክኒኑ ቢያልቅበት ለአደጋ ይጋለጣል፤ ያም ሆኖ ብዙውን ጊዜ ሌላ ፋርማሲ ለመፈለግ አንድ ሁለት ቀን ያገኛል። አስም ሲነሣ ግን የአየር ቧንቧው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ግድግዳው ያብጣል፣ አክታው ይዘጋዋል፤ ጉዳዩ የደቂቃና የሰዓት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም 262 ሚሊዮን ሰዎች አስም ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት 455,000 ሰዎች በበሽታው ሞተዋል። አብዛኛው ሞት የደረሰው ገቢያቸው ዝቅተኛና ዝቅተኛ መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። የሚያድነው መድኃኒት ምሥጢር ሆኖ አይደለም። ሳልቡታሞል ፓፍ አሮጌ መድኃኒት ነው፤ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ከገባ ቆይቷል።

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ የታተመ ጥናት አስም ከገጠር ይልቅ በከተማ በዝቶ አግኝቷል። ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ በየዓመቱ እየሰፋች ያለችው ደብረ ታቦር ይህን ልብ ልትለው ይገባል። የገጠሩ ሰው ግን ከችግሩ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። በፋርጣና በላይ ጋይንት ብርዱ ስለሚያይል ቤቱ ይዘጋል፤ ኩበቱና ባሕር ዛፉ የሚነደው እዚያው ውስጥ ነው። ጭሱን ከማንም በላይ የሚስቡት እናትና ከጀርባዋ ያለው ሕፃን ናቸው።

የደጋው አስም የሚነሣበት ወቅትም ቢሆን ባመዛኙ ይታወቃል። ክረምቱ ሲጠብቅና ጉንፋን ከልጅ ወደ ልጅ ሲዛመት አንዱ ነው። ነሐሴ 12 ማታ፣ የደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ፣ በየደጁ ችቦ ይበራል። መስከረም 16 ደመራ አለ። ኅዳር 12 ቀን በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ በማሰብ በየከተማው ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ አስም ላለበት ሰው ከዓመቱ ቀናት ሁሉ ክፉው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ገብሱና ጤፉ አውድማ ላይ ይወቃል፤ ገለባው በደረቁ ነፋስ ይበተናል፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ደረት ይይዛል። ታኅሣሥ ሲጋመስ ደግሞ ለገና ወደ ላሊበላ በእግር የሚሄደው ምእመን ጉዞ ይጀምራል፤ ቀን አቧራ ሲውጥ ውሎ ሌሊት ሜዳ ላይ ያድራል። ይህ ሁሉ ቀኑ የተቆረጠ ነገር ነው። የመድኃኒት ጥያቄው ቅጽ ግን የሚሞላው ባለፉት ሁለት ወራት ፍጆታ ነው። የመስከረምና የጥቅምት ፍጆታ ኅዳር 12ን አያውቅም።

የባሰው ግን ቀኑ ያልታወቀው ነው። በ2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን ይዘው ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቆዩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ባወጣው ዘገባ በከተማዋ ሴቶች ላይ የተፈጸመውን አስገድዶ መድፈር መዝግቧል። ሆስፒታሉ ተጎድቶና ተዘርፎ ስለነበር ተጎጂዎቹ ተገቢውን ሕክምና እዚያ ማግኘት አለመቻላቸውንም ገልጿል። ደብረ ታቦርም በዚያ ነሐሴ የከባድ መሣሪያ ተኩስ ደርሶባታል። የተዘረፈ ሆስፒታል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አልጋውንና ማሽኑን ነው። እኔ የማስበው በዚያ ሳምንት ፓፉ ሊያልቅበት የነበረውን ሰው ጭምር ነው። ያ ሰው መጋዘኑም፣ መንገዱም፣ የግል መድኃኒት ቤቱም በአንድ ጊዜ ተዘግተውበታል። የቀረው እጁ ላይ ያለው ብቻ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያኔ በክልሉ የተነሣው ውጊያ ደብረ ታቦርንም ነካ፤ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ የክልሉ መንገዶች ሲዘጉ ሲከፈቱ፣ ሲከፈቱ ሲዘጉ ቆይተዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ብር በዶላር ፊት ወደቀ። ከውጭ ለሚገባ መድኃኒት ይህ ምን ማለት እንደሆነ መድኃኒት ቤት የሄደ ሁሉ ያውቀዋል።

በጤና ተቋም ፋርማሲ መስኮት በኩል የሚሰማውን ንግግር በየከተማው የሰማ ብዙ ነው።

«አባቴ፣ ፓፉ አልቋል። ከውጭ ይግዙ።»

«መድኅን አለኝ እኮ ልጄ፤ ከፍያለሁ።»

«መድኅኑ እዚህ ላለው ነው አባቴ። የሌለንን ከየት አምጥተን እንስጥዎት?»

ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ይከቱና ይወጣሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዷ እዚሁ ደቡብ ጎንደር ያለችው ፎገራ ነበረች። ሐሳቡ ታላቅ ነው፤ ድሃው ሲታመም በሬውን እንዳይሸጥ የታሰበ ነው። መድኅን ግን መደርደሪያ አይሞላም። የፋርማሲ ባለሙያዎቹም ጥፋተኛ አይደሉም። ሳልቡታሞልም ሆነ መከላከያው ቤክሎሜታዞን ጤና ተቋሙ በራሱ ገንዘብ ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚገዛው፣ ሸጦም ገንዘቡን መልሶ የሚያዞረው መድኃኒት ነው። ዕዳ ያለበት ወይም የመድኅን ክፍያው የዘገየበት ተቋም የሚፈልገውን ያህል አያዝዝም።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ አሠራር ልብ እንበል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮም ሕመሙ የተረጋጋለት ሰው የስድስት ወር መድኃኒቱን በአንድ ቀጠሮ ይዞ ይሄዳል። መንገድ ሲዘጋ ያ ሰው ቤቱ ያለውን ይወስዳል። አሠራሩን አገራችን ሞክራዋለች፣ ታውቀዋለች፤ ባለሙያው ሠልጥኖበታል። አስም ያለበት የጋይንት ገበሬ ግን ግማሽ ቀን ተጉዞ መጥቶ አንድ ፓፍ ይዞ ይመለሳል። ለአንዱ በሽታ የሚከፍለው ለጋሽ፣ ለሌላው የሚከፍለው ታማሚው መሆኑ ልዩነቱን ያብራራ ይሆናል እንጂ ትክክል አያደርገውም። ገበሬው የዘር እህሉን በክፉ ቀንም ሳይነካ እንደሚያቆየው፣ አስም ያለበት ሰውም የማይነካ አንድ ፓፍ ቤቱ ሊኖረው ይገባል። የእኔ ክርክር ይኸው ነው፤ ክምችቱ ከመጋዘን ወደ ታማሚው እጅ ይጠጋ።

ክምችት በቤት ሲባል ግን መቁጠር ይከተላል። አንድ ሳልቡታሞል ፓፍ ብዙውን ጊዜ 200 ጊዜ የሚነፋ ነው። ችግሩ፣ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ቆርቆሮው የሚገፋ ጋዝ ስለሚቀረው «ፍስ» ማለቱን አያቆምም። ሰው ባዶውን እየነፋ «ዛሬስ አልሠራልኝም» ይላል። ውኃ ውስጥ ጥሎ ተንሳፈፈ ሰመጠ ብሎ መገመት አይታመንም፤ አፉንም ሊያበላሸው ይችላል። ቆጣሪ የሌለው ከሆነ የተከፈተበትን ቀን በፕላስተር ጽፎ መለጠፍና በቀን ስንት ጊዜ እንደተነፋ ማስላት ነው ያለው። በቀን አራት ጊዜ የሚነፋ ሰው በ50 ቀን ይጨርሰዋል።

ይህ ስሌት የሚናገረው ሌላም ነገር አለ። የዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጊና እንደሚለው በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሳልቡታሞል ፓፍ የሚጨርስ ሰው ሕመሙ ድንገት የመባባስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ 12ና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ደግሞ የመሞት አደጋው ይጨምራል። ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ ለጊዜው ይፈታል እንጂ የቧንቧውን እብጠት አያጠፋም። እብጠቱን የሚያበርደው በየቀኑ የሚወሰደው፣ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው የሚሳብ ስቴሮይድ ነው። ጊና እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አስምን በሳልቡታሞል ብቻ ማከምን አይመክርም። ስለዚህ የቤቱ መጠባበቂያ ሳልቡታሞል ብቻ ከሆነ ጎዶሎ ነው። መከላከያው ሲኖር ማስታገሻው ይቆያል፤ ይህን ለታማሚው በደንብ ለማስረዳት ከሐኪሙ የሚፈለገው አምስት ደቂቃ ነው።

መብራት የሚጠፋበት አገር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው፣ ባለሙያም ጭምር፣ በመብራት የሚሠራው ኔቡላይዘር ከሌለ ድንገተኛ አስም አይታከምም ብሎ ያምናል። ቀላልና መካከለኛ በሆነ ሕመም ፓፍ ከስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል ከሚገባው ባዶ ዕቃ) ጋር ሲሰጥ ከኔቡላይዘር እንደማያንስ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ስፔሰሩም ከሃይላንድ ጠርሙስ ሊሠራ ይችላል። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ለልጆች እንደሚሠራ አሳይቷል። የፓፉ አፍ በሽቦ ይለካና ሽቦው በዚያው ቅርጽ ይታጠፋል፤ ሽቦው ግሎ የጠርሙሱ ቂጥ ይበሳበታል፤ ፕላስቲኩ ለስላሳ እንዳለ ፓፉ ገብቶ ጥብቅ እስኪል ይያዛል። የጠርሙሱ አፍ ለታማሚው አፍ ይሆናል። ፓፉ በደንብ ይወዘወዛል፣ አንድ ጊዜ ይነፋል፣ ታማሚው አራት አምስት ጊዜ በእርጋታ ይስባል፤ ከዚያ ቀጣዩ። ጠርሙሱ በሳሙና ውኃ ታጥቦ ሳይወለወል በራሱ ሲደርቅ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ መጣበቁ ይቀንሳል። አፋቸውን ጠርሙስ ላይ መግጠም ለማይችሉ ሕፃናት ግን የፊት ጭንብል ያስፈልጋል። በድንገተኛ ጊዜ የጊና መመሪያ በመጀመሪያው ሰዓት በየ20 ደቂቃው ከ4 እስከ 10 ጊዜ መንፋትን ይፈቅዳል። ይህ የሚደረገው ወደ ጤና ተቋም እየተሄደ ወይም እዚያው ተሁኖ ነው። መናገር ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ድካም የጣለው ሰው ቤት ሆኖ መጠበቅ የለበትም።

ለመንገደኛም የሚባል አለ። የፓፉ ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ የሚያወጣው መድኃኒት ኃይሉ ይቀንሳል። ጉና ሥር የሚያድር እረኛም ሆነ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ምእመን ፓፉን ከስንቁ ጋር አህያ ላይ ሳይሆን ከጋቢው በታች፣ ሰውነቱ አጠገብ ይያዝ፤ ሳይጠቀምበት በፊትም በእጁ ያሙቀው። በተቃራኒው ወደ ፎገራ ሜዳ ሲወረድ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተወው፤ ከ30 ዲግሪ በላይ መቆየት የለበትም። ለቀናት ሳይነካ የቆየ ፓፍ መጀመሪያ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ አየር ይነፋ። አብሮ የሚሄድ አንድ ሰውም የት እንደተቀመጠና እንዴት እንደሚሰጥ ይወቅ፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ማስረዳት አይችልም።

የክልሉ ጤና ቢሮና የዞኑ ጤና መምሪያ፣ ሕመማቸው የተረጋጋ የአስም ታማሚዎች መንገድ ክፍት በሆነበት ጊዜ ቢያንስ የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ቀጠሮ እንዲወስዱ ይፍቀዱ፤ መድኅኑም ይህን ይክፈል። የየተቋሙ ፋርማሲ የጥቅምቱን ጥያቄ ሲሞላ ኅዳርንና ታኅሣሥን አስቦ ይሙላ። የሚዋጉ ወገኖችም መድኃኒት የጫነ መኪና ያሳልፉ፤ ይህ ከማንም የፖለቲካ ዓላማ ጋር አይጋጭም።

አንባቢዬ፣ እርስዎ ወይም ከቤትዎ አንድ ሰው አስም ካለበት፣ ዛሬ ማታ ፓፉን አውጥተው የተከፈተበትን ቀን ያስቡ፤ ስንት እንደቀረውም ያስሉ። ከግማሽ በታች ከሆነ ቀጣዩን አሁኑኑ ይግዙ።