የዓሣው ትንፋሽና የአጥማጁ ኮታ

በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ በፍሬዘር ወንዝ አፍ የተቆጠረ ሶካይ ሳልሞን ሁሉ ዕንቁላል ለመጣል አይበቃም። የዓሣ ሀብት አስተዳዳሪዎች ግን ለረጅም ዓመታት ሲያሰሉ የኖሩት ከገባው ላይ የተጠመደውን ቀንሰው፣ የቀረው ይራባል ብለው ነው። ዛሬ ሒሳቡ ውስጥ የዓሣው ልብና ትንፋሽም ገብቷል።

መነሻው ሩቅ ነው። የቶሮንቶው ሳይንቲስት ኤፍ. ኢ. ጄ. ፍራይ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው ሥራ፣ ዓሣ በሕይወት ለመቆየት ብቻ ከሚፈጀው ኦክስጅን በላይ ለመዋኘት የሚተርፈው አቅም በውሃው ሙቀት እንደሚወሰን አስረዳ። በ1960ዎቹ ደግሞ ጄ. አር. ብሬት በናናይሞ የምርምር ጣቢያ ሶካይን ቱቦ ውስጥ አስገብቶ፣ የውሃውን ፍሰት ደረጃ በደረጃ እያፈጠነ፣ ዓሣው እስኪዝል የሚወስደውን ኦክስጅን ለካ። ወጣቶቹ ሶካዮች ከሁሉ የተሻለ የሚዋኙት በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ግኝቱ መማሪያ መጽሐፍ ገባ፤ ከኮታ ሠንጠረዥ ግን አልደረሰም።

ያደረሰው ችግር ነው። ዘግይተው የሚመጡት የፍሬዘር ሶካዮች ወደ ወንዙ ከመግባታቸው በፊት ለሳምንታት ባሕሩ ላይ ይቆዩ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን ሳይቆዩ መግባት ጀመሩ፤ ከበጋው ሙቅ ውሃም ጋር ተጋጠሙ። በአንዳንድ ዓመታት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሳይራቡ አለቁ። ሶካይ ወንዝ ከገባ በኋላ አይመገብም፤ መንገዱን የሚጨርሰው በያዘው ስንቅ ነው።

ተመራማሪዎች ከዓሣው ጥቂት ደም ወስደው፣ የሬዲዮ ምልክት አስረውበት መልቀቅና ጉዞውን መከታተል ያዙ። በ2006 ዘርፉ «የጥበቃ ፊዚዮሎጂ» የሚል ስም አገኘ፤ በ2013 የራሱ መጽሔት ተመሠረተለት። በ2011 በ«ሳይንስ» መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ የአንድ ወንዝ ሶካዮች እኩል ሙቀት እንደማይችሉ አሳየ። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጡት የቺልኮ ሶካዮች ልባቸው ጠንካራ፣ የሚችሉት የሙቀት መጠንም ሰፊ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚጓዙት የዊቨር ጅረት ሶካዮች ሙቀቱ ሲያይል ቶሎ ይረታሉ። ስለዚህ ለወንዙ ሁሉ አንድ የሙቀት ልክ ማውጣት አይበቃም።

አስተዳዳሪዎቹም አሠራራቸውን ለወጡ። የወንዙን ሙቀትና የውሃ መጠን ትንበያ ይዘው መንገድ ላይ የሚያልቀውን ይገምታሉ፤ ያንን ያህል ተጨማሪ ዓሣ እንዲያልፍ ከሚጠመደው ላይ ይቀንሳሉ።

ጀልባ ላይም ለውጥ አለ። ሳይፈለግ መረብ ውስጥ የገባን ኮሆ ሳልሞን ለማዳን፣ ውሃ ወደ አፉ እየተገፋ ስንጥቡን አልፎ የሚወጣበት ሣጥን ተሠራ። ዓሣው ይተርፍ እንደሆነ ለመገመትም የደም ምርመራ የግድ አያስፈልግም። ጅራቱን ጨበጥ ሲያደርጉት ይፈናጠራል? ውሃ ውስጥ በጀርባው ሲገለብጡት ወዲያው ይቃናል? ለሁለቱም መልስ ካጣ፣ ቢለቀቅም የመሞት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

በዚህ ሁሉ የተገኘው ጥቅም እውነተኛ ቢሆንም ልክ አለው። ኮታ መቀነስ የሚጠመደውን ያሳንሳል እንጂ ወንዙን አያቀዘቅዝም። የበጋው ከፍተኛ ሙቀት ከ1950ዎቹ ወዲህ በ2 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል፤ በየዓመቱ ተጨማሪ ዓሣ ማሳለፍ መፍትሔ የሚሆነው ደግሞ የሚጠመድ ትርፍ እስካለ ብቻ ነው። ሌላም ክፍተት አለ፦ ጉዞው ሲከብድ ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበልጥ ይሞታሉ። ዕንቁላሉ ያለው እነሱ ዘንድ ስለሆነ፣ ወንድና ሴትን ደምሮ የሚቆጥር ኮታ የመጪውን ትውልድ ልክ አጋንኖ ያሳያል። የሚቀጥለው ማሻሻያ ከዚህ ቢጀምር ይገባዋል፤ ስንት ዓሣ አለፈ ከማለት ይልቅ ስንት ሴት ዓሣ ከመራቢያው ደረሰች ብሎ መቁጠር።