ጥራጊን በየዓይነቱ ስለ መለየት
ለከተማ ጽዳት ሠራተኞች ሊሰጥ የሚገባው ትምህርትና የነዋሪው ድርሻ

ከአንድ ቤት በየቀኑ የሚወጣው ጥራጊ ላይ ላዩን ሲታይ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላል። ረጋ ብሎ ለተመለከተው ሰው ግን የሽንኩርት ልጣጭና የብርጭቆ ስብርባሪ፥ የቡና አተላና ያገለገለ መርፌ፥ አመድና ወረቀት በጠባያቸውም ሆነ በሚያመጡት ጉዳት እጅግ የተለያዩ ናቸው። ለየብቻቸው ቢቀመጡ አብዛኞቹ የሚጠቅሙ፥ የቀሩትም በጥንቃቄ የሚወገዱ ናቸው። በአንድ ማዳበሪያ ተደባልቀው የወጡ እንደ ሆነ ግን የሚጠቅመው ይበላሻል፥ የሚጎዳውም ይሸሸጋል። በተሸሸገውም ነገር በመጀመሪያ የሚጎዳው ጥራጊውን የጣለው ሰው ሳይሆን የሚያነሣው የጽዳት ሠራተኛ ነው።

ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ጥራጊን በየዓይነቱ መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ፥ የጽዳት ሠራተኞችም ይህን እንዲያውቁት ምን ዓይነት ትምህርት ሊሰጣቸው እንደሚገባ፥ መምህራንና የከተማ ነዋሪዎችም ምን ሊረዱ እንደሚችሉ በአጭሩ እንገልጻለን።

1ኛ/ ጥራጊ በስንት ይከፈላል?

ለሥራ እንዲመች ጥራጊ በአራት ይከፈላል።

ሀ/ የሚበሰብስ፤ ይኸውም የአትክልት ልጣጭ፥ የምግብ ትርፍራፊ፥ አተላ፥ ቅጠልና ሣር ነው። በከተሞቻችን ከሚጣለው ጥራጊ ከግማሽ የሚበልጠው የዚህ ዓይነት ነው። በጉድጓድ ተጠራቅሞ አልፎ አልፎ ቢገላበጥና እርጥበቱ ቢጠበቅ በ3 ወር ያህል ጊዜ ለአትክልት የሚሆን ብስባሽ ይሆናል።

ለ/ ተመልሶ ሥራ ላይ የሚውል፤ ይህም ወረቀት፥ ካርቶን፥ ሕዝቡ ሃይላንድ ብሎ የሚጠራው የውሃ ፕላስቲክ፥ ጠርሙስ፥ ቆርቆሮና ብረታ ብረት ነው። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የሚገዛው፥ በአዲስ አበባም በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሸጠውና የሚለወጠው ይህ ነው።

ሐ/ አደገኛ፤ ይኸውም መርፌ፥ ምላጭ፥ ደም የነካው ፋሻ፥ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት፥ የባትሪ ድንጋይ፥ የተባይ መርዝ የነበረበት ዕቃና የመሳሰለው ነው። መጠኑ ጥቂት ሲሆን ጉዳቱ ግን ከሁሉ ይበልጣል።

መ/ ቀሪ፤ አመድ፥ አቧራ፥ የሕፃናት ዳይፐርና ለምንም የማይውል ቁርጥራጭ ጨርቅ በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ፍሙ ያልጠፋ አመድ ወደ ገንዳ መጣል እሳት ስለሚያስነሣ አስቀድሞ ውሃ ማፍሰስ ያስፈልጋል።

2ኛ/ ሳይለይ የቀረ ጥራጊ የሚያመጣው ጉዳት

የመጀመሪያው ጉዳት በሠራተኛው እጅ ላይ ይደርሳል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በቤቱ የሚወጋበትን መርፌ ከልጣጭ ጋር በፌስታል ቋጥሮ ቢጥለው፥ ሠራተኛው ፌስታሉን ባነሣ ጊዜ ጣቱን ሊወጋ ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት በሽታ ባለበት ሰው ደም የተበከለ መርፌ የወጋው፥ ክትባትም ያልወሰደ ሰው፥ በበሽታው የመያዙ ዕድል ከ100 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። የኤች አይ ቪ ዕድል ግን በጣም ያነሰ ሲሆን ከ1000 ወደ 3 ያህል ነው። የሄፓታይተስ ቢ ተሐዋሲ ከሰው አካል ውጭ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ስለሚቆይ፥ መርፌው ከተጣለ ቀናት ማለፋቸው ሠራተኛውን አያድነውም። ዝገትና አፈር የነካው ስለትም ቲታነስ ወይም መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን ደዌ ያመጣል።

ሁለተኛው ጉዳት በሰፈሩ ላይ ይደርሳል። ዝንብ በአንድ ጊዜ 100 የሚያህሉ ዕንቁላሎች በእርጥብ ጥራጊ ላይ ትጥላለች። በሞቃት ወራት ከዕንቁላሉ ተነሥቶ ዝንብ እስኪሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። እርጥቡ ከደረቁ ጋር ተደባልቆ ከሳምንት በላይ በደጅ ቢቆይ፥ ያ ማዳበሪያ የዝንብ መፈልፈያ ሆነ ማለት ነው። እርጥቡ ለብቻው ሲለይ ግን እርሱን በሳምንት ሁለት ጊዜ ማንሣት፥ ደረቁንም እስኪበዛ ድረስ ያለ ችግር ማቆየት ይቻላል።

ሦስተኛው ጉዳት በመጨረሻው መጣያ ቦታ ላይ ይደርሳል። የሚበሰብስ ነገር አየር በማያገኝበት ክምር ውስጥ ሲቀበር ሚቴን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ከውስጡ የሚፈሰውም ጥቁር ውሃ ምድሩንና ወንዙን ይበክላል። በአዲስ አበባ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ጥራጊ ሲከመርበት የኖረው ቆሼ የሚባለው ስፍራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በክምሩ አጠገብ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ለእንዲህ ያለው አደጋ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ሆኖም ግማሹ ብስባሽ፥ ሌላውም የሚሸጥ ዕቃ ሊሆን ይችል የነበረ ጥራጊ ሳይለይ ለብዙ ዘመን በአንድ ቦታ ሲቆለል ተራራ መሆኑ የማይቀር እንደ ሆነ ማንም ሰው ሊያስተውለው ይችላል።

3ኛ/ ለጽዳት ሠራተኞች ስለሚሰጥ ትምህርት

በየቤቱ እየዞሩ ጥራጊ የሚሰበስቡት ሠራተኞች ስለ ጥራጊ ምንም አያውቁም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የትኛው ዕቃ እንደሚሸጥና ከየትኛው ቤት ምን እንደሚወጣ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የሚጎድላቸው በዓይን የማይታየው ነገር፥ ይኸውም የተሐዋስያን መተላለፊያና የመከላከያው መንገድ ነው። ስለዚህ አስተማሪው ከሚያውቁት ተነሥቶ ወደማያውቁት ቢወስዳቸው ትምህርቱ ይያዛል።

ትምህርቱ ጧት ለሥራ ከመሰማራታቸው በፊት፥ ከሩብ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ፥ በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ በማሳየት ቢሰጥ መልካም ነው። ረጅም ንግግር ከማድረግ ይልቅ የታጠበና ጉዳት የማያመጣ ልዩ ልዩ ዕቃ በምንጣፍ ላይ አፍስሶ ሠራተኞቹ ራሳቸው በአራት እንዲከፍሉት ማድረግ ይሻላል። ሊይዙት የሚገባቸው ዋና ዋና ነገር የሚከተለው ነው።

ሀ/ በእጅ ጋሪው ላይ ቢያንስ ሁለት ማዳበሪያ ማንጠልጠል፤ አንዱ ለእርጥቡ፥ ሁለተኛው ለሚሸጠው ይሆናል። ተለይቶ የተሰጠን ጥራጊ መልሶ አለመደባለቅ።

ለ/ ፌስታልን ከአፉ ይዞ ከሰውነት አርቆ ማንሣት፤ በእጅ አለመጭመቅ፥ በእግር አለመርገጥ፥ እጅንም ወደ ውስጥ አለማግባት።

ሐ/ ወፍራም የእጅ ጓንት፥ የጎማ ጫማና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፤ ከሥራ በኋላም ከመብላት በፊት በሳሙና መታጠብ።

መ/ መርፌ ወይም ስለት የወጋው እንደ ሆነ ቁስሉን ሳይጨምቅና በአፉ ሳይመጥ በሚፈስ ውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚረዳው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ስለ ሆነ፥ «ትንሽ ነው» ብሎ መዘግየት አይገባም።

ሠ/ የመንጋጋ ቆልፍና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አስቀድሞ መውሰድ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት እንደ ተለመደው በ6 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ይሰጣል።

ከዚህም ጋር አሠሪዎች ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሠራተኛው ክፍያ ባመጣው ጥራጊ ብዛት ብቻ የሚለካ ከሆነ፥ እርጥቡን ለብስባሽ ሌላውን ለቆራሌው በለየ ቁጥር ገቢው ይቀንሳል። «ለይ» እያሉ ለለየው መክፈልን መተው ትምህርቱን በከንቱ ያስቀረዋል። ጓንቱ ሳይሰጥም «ጓንት አድርግ» ማለት እንዲሁ ነው።

4ኛ/ የነዋሪውና የመምህራን ድርሻ

ሠራተኛው የቱንም ያህል ቢማር፥ ከቤት ተደባልቆ የወጣውን በጎዳና ላይ ቆሞ መልሶ ሊለየው አይችልም፤ ቢለየውም እጁን ለአደጋ ያጋልጣል። በሌላም በኩል ቤተ ሰቡ ለይቶ ያወጣውን ሠራተኛው በጋሪው ላይ ቢደባልቀው የቤተ ሰቡ ድካም ከንቱ ይሆናል። ሁለቱ እንደ ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ናቸው።

ትእዛዝ ብቻውን እንደማይበቃ የሌሎች አገሮች ታሪክ ያስረዳል። ኤዥን ፑቤል የተባለው የፓሪስ አስተዳዳሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1883 ባወጣው ትእዛዝ እያንዳንዱ ሕንፃ ሦስት ማጠራቀሚያ እንዲያኖር፥ አንዱ ለሚበሰብሰው፥ አንዱ ለወረቀትና ለጨርቅ፥ አንዱም ለጠርሙስና ለሸክላ ስብርባሪ እንዲሆን አዞ ነበር። የጥራጊ ማጠራቀሚያው ዕቃ እስከ ዛሬ በፈረንሳይኛ በስሙ ፑቤል ተብሎ ሲጠራ፥ የመለየቱ ሥርዓት ግን በዚያን ዘመን ሳይጸና ቀረ። በአገራችንም የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የቤተ ሰብ ኃላፊዎች ተመልሶ ሥራ ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለዩ ደንግጎ ነበር። ሕጉን ሥራ ላይ የሚያውለው ግን በየማድ ቤቱ ያለው ልማድ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ለእርጥቡ አንድ ክዳን ያለው ዕቃ፥ ለሚሸጠው አንድ ማዳበሪያ፥ ለቀሪውም ሌላ ያዘጋጅ። ጠርሙስ ቢሰበር በወፍራም ካርቶን ጠቅልሎ ለሠራተኛው በቃል ይንገረው። ያገለገለ መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ተጠራቅሞ ለጤና ጣቢያ ይመለስ። ለሠራተኛውም ጥራጊውን ስናስረክብ በአክብሮት «እንደምን አደሩ» ማለት ከሁሉ ይቅደም፤ የሚከበር ሰው ቢጠይቅም ቢመክርም ይሰማልና።

መምህራን ሆይ፥ በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ጥግ የሙዝ ልጣጭ፥ ወረቀት፥ ፌስታልና ቆርቆሮ በተማሪዎቻችሁ እጅ አስቀብሩ፤ ከ2 ወር በኋላም በመቆፈሪያ እንዲያወጡት አድርጉ። ልጣጩ አፈር ሲሆን ፌስታሉ እንደ ነበረ መገኘቱን ያየ ልጅ ትምህርቱን ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል። እናቱ ልጣጩንና ፌስታሉን በአንድ ዕቃ ስትጥል ቢያይ «እማማ፥ ይህ ለብቻው ነው» ይላታል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገራችን ሰው። አንድ መርፌ ከልጣጭ ለይቶ ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ያ መርፌ የወጋው ሠራተኛ ግን ሊታመም፥ ልጆቹም ጧሪ ሊያጡ ይችላሉ። ነገ ጧት ጥራጊያችንን ስናወጣ ይህን እናስብ።