የድምፅ ማስተካከያ መመሪያ ከየት ይጀምር?

አዲስ ፕሮግራም ኮምፒውተራችሁ ላይ ስትጭኑ መመሪያውን አንብባችሁ ታውቃላችሁ? እውነቱን ተናገሩ! እኔም ብዙ ጊዜ አላነብም። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የአንባቢው ሳይሆን የጸሐፊው ነው። ይህን የተረዳሁት ራሴ አንድ መመሪያ ጽፌ፣ በእሱ ጉድለት የ40 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ከጠፋ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተማሪዎች በኦዳሲቲ ድምፅ መቅረጽና ማስተካከል ፈልገው መመሪያ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ኦዳሲቲ በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። ዶሚኒክ ማዞኒና ሮጀር ዳነንበርግ እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ጀመሩት፤ በ2000 ደግሞ ለሕዝብ ቀረበ።

እኔም ምህንድስና እንደተማረ ሰው አሰብኩ። የፕሮግራሙን ሜኑዎች ከግራ ወደ ቀኝ ተከትዬ እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ጻፍኩ። መጀመሪያ «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ኤዲት»፣ እያለ እስከ «ኢፌክት» እና ከዚያም በኋላ ያሉት። 38 ገጽ ሆነ። የቀረ ነገር ስላልነበረ በጣም ኮርቼ ነበር።

ከዚያ አንዲት የክበቡ አባል ጡረታ ሊወጡ ከተቃረቡ መምህር ጋር 40 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ አደረገች። ሴቭ አለችው፣ ፋይሉን በፍላሽ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ቤት ስትከፍተው ድምፅ የለም። በማግስቱ ስትመለስ ደግሞ ሌላ ልጅ ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ «ምን እንደሆነ የማይታወቅ» ትልቅ ፎልደር አጥፍቷል። ድምፁ የነበረው እዚያ ውስጥ ነው።

ምን ተፈጠረ?

የክበቡ ኮምፒውተር ላይ የነበረው ኦዳሲቲ የቆየ ቨርዥን ነው። በድሮዎቹ ቨርዥኖች አንድን ሥራ ሴቭ ስታደርጉ ሁለት ነገር ይፈጠራል፤ አንድ ትንሽ የፕሮጀክት ፋይልና በስሙ መጨረሻ ላይ «ዳታ» የሚል ፎልደር። ትንሹ ፋይል የትኛው የድምፅ ቁራጭ የት እንደሚገባ የሚናገር ዝርዝር ብቻ ነው። ድምፁ ራሱ ግን በብዙ ትንንሽ ቁርጥራጭ ፋይሎች ተከፋፍሎ ፎልደሩ ውስጥ ይቀመጣል።

መጠኑን እናስላው። በሴኮንድ 44,100 ናሙና፣ እያንዳንዱ ናሙና 4 ባይት ቢይዝ፣ ባለአንድ መስመር ድምፅ በሴኮንድ 176,400 ባይት ይሆናል። በደቂቃ ሲታይ ከ10 ሜጋባይት በላይ፣ በ40 ደቂቃ ደግሞ ወደ 420 ሜጋባይት። ልጅቷ የያዘችው ፋይል ግን 1 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም ነበር። የዕቃውን ዝርዝር ይዛ ዕቃውን ትታ ሄዳለች ማለት ነው።

በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ከወጣው ቨርዥን 3.0 ጀምሮ ሁሉም ነገር አንድ ፋይል ውስጥ ይገባል። ያም ሆኖ አንድ ልዩነት አሁንም አለ። የፕሮጀክት ፋይል ኦዳሲቲ ውስጥ ሥራችሁን ለመቀጠል እንጂ ስልክ ላይ ለመስማት አይደለም። ለስልክ ወይም ለስፒከር ከፈለጋችሁት ኤክስፖርት አድርጋችሁ ወደ ዌቭ ወይም ኤምፒስሪ መቀየር አለባችሁ።

ታዲያ ይህ ሁሉ መመሪያዬ ውስጥ አልነበረም? ነበረ እንጂ! ገጽ 3 ላይ፣ በደማቅ ጽሑፍ። ችግሩም እሱ ነው። «ፋይል» የመጀመሪያው ሜኑ ስለሆነ፣ ገና ምንም ላልቀረጸ ሰው ስለ ማስቀመጥ አስተማርኩ። የሚቀመጥ ነገር እጇ ላይ ሲመጣ ገጽ 3ን ከረሳችው ቆይታለች።

የሜኑ ቅደም ተከተልና የሥራ ቅደም ተከተል

በዚህ የተሳሳትኩት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። በአይቢኤም የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ጆን ካሮል በ1980ዎቹ ሰዎች በኮምፒውተር መጻፍን እንዴት እንደሚማሩ ከባልደረቦቹ ጋር አጥንቷል። ያየው ነገር ቀላል ነው። ሰዎች መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብበው አይጀምሩም፤ ሥራውን ይጀምራሉ፣ ሲቸገሩ ወደ መመሪያው ይመጣሉ። ስለዚህ መመሪያው አጭር ይሁን፣ ከእውነተኛ ሥራ ይጀምር፣ ስህተት ሲፈጠር እንዴት እንደሚወጡበትም ያሳይ አለ። ይህን ሐሳብ በ1990 በመጽሐፍ አሳትሞታል።

ለድምፅ ሥራ ይህ በተለይ ያስፈልጋል። እስቲ «ኖይዝ ሪዳክሽን» የሚባለውን ውሰዱ። የቬንቲሌተር ወይም የኮምፒውተር እንዝዝታን የሚቀንሰው መሣሪያ ነው። የሚሠራው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ማንም የማይናገርበትን፣ እንዝዝታው ብቻ ያለበትን ቁራጭ ትመርጡለታላችሁ። ፕሮግራሙ ያንን ድምፅ በድግግሞሽ ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ላይ እንዝዝታው ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያጠናል። ቀጥሎ ሙሉውን ቀረጻ ስትመርጡ፣ ከዚያ መጠን በላይ ያልወጣውን እየለየ ዝቅ ያደርጋል።

ንግግር ያለበትን ቁራጭ ለጥናት ከሰጣችሁትስ? ሰውየውን እንደ ጫጫታ ይቆጥረውና ንግግሩን ራሱን ያበላሸዋል።

አሁን ወደ መመሪያው እንመለስ። ኖይዝ ሪዳክሽን ያለው «ኢፌክት» ሜኑ ውስጥ ነው። የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ ቁራጭ ግን ገና ቀረጻው ሲጀመር መያዝ አለበት። «ከመናገራችሁ በፊት 3 ሴኮንድ ዝም በሉ» የሚለው ምክር በእኔ መመሪያ ገጽ 29 ላይ ነበር። እዚያ የደረሰ ሰው ቀረጻውን ከጨረሰ ቆይቷል!

አራት ዓይነት አንባቢ

ይህ ማለት ታዲያ የሜኑ ዝርዝር አያስፈልግም ማለት ነው? አይደለም። ዳኒዬሌ ፕሮቺዳ የተባለ ባለሙያ «ዳያታክሲስ» ብሎ በሰየመው አሠራር መመሪያዎችን በአራት ይከፍላቸዋል። ወደ ድምፅ ሥራ ስናመጣቸው እንዲህ ይሆናሉ፦

1. ልምምድ። ምንም ለማያውቅ ጀማሪ። «ስማችሁን ቅረጹ፣ መጀመሪያውን ቁረጡ፣ ኤክስፖርት አድርጉ፣ በስልካችሁ ስሙት።»
2. የሥራ መምሪያ። የሚፈልገውን ለሚያውቅ ሰው። «እንዝዝታ እንዴት ልቀንስ?» «ሁለት ቀረጻ እንዴት ላያይዝ?»
3. ማጣቀሻ። እያንዳንዱ ሜኑና ቁልፍ በተራው። የእኔ 38 ገጽ ሙሉ በሙሉ ይህ ነበር።
4. ማብራሪያ። «ለምን?» ለሚል። ናሙና ምንድን ነው? ዴሲቤልስ?

አራቱን አንድ ገጽ ላይ ስትቀላቅሏቸው ሁሉም ይበላሻሉ። ጀማሪው በዝርዝር ይሰጥማል፤ የቸኮለው ደግሞ መልሱን ለማግኘት ትምህርት መስማት ይገደዳል።

ሌላው ነገር ቃል ነው። ማይክ ላይ ጮክ ብላችሁ ስትናገሩ ድምፁ የሚሰነጠቀው ለምን ይመስላችኋል? ባለ16 ቢት ድምፅ ቁጥሮቹ ከ−32,768 እስከ 32,767 ብቻ ናቸው። ከዚያ የበለጠ ሞገድ ሲመጣ የሚጻፍበት ቁጥር ስለሌለ ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆረጣል። ባለሙያዎች «ክሊፒንግ» ይሉታል። ግን ችግሩ የገጠመው ተማሪ «ክሊፒንግ» ብሎ አይፈልግም፤ «ድምፁ ተሰነጠቀ» ብሎ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ማውጫው ላይ ሁለቱም ቃላት መኖር አለባቸው።

አዲሱ መመሪያ

መመሪያውን እንደገና ጻፍኩት። አሁን የመጀመሪያው ገጽ አንድ ልምምድ ብቻ ነው፦ 3 ሴኮንድ ዝምታ፣ ስምህን ወይም ስምሽን መናገር፣ ሴቭ ማድረግ፣ ኤክስፖርት ማድረግ፣ በስልክ መስማት። «ፎልደሩን አትለዩት» የሚለው ማስጠንቀቂያ ከሴቭ ትእዛዙ ቀድሞ፣ በዚያው መስመር ላይ ተቀምጧል። ማስጠንቀቂያ ከእርምጃው በኋላ ከመጣ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ሐዘን መድረስ ነው። 38ቱ ገጾች ደግሞ አልተጣሉም፤ «ማጣቀሻ» ተብለው መጨረሻ ላይ ገቡ።

ከዚያ መመሪያውን ለአንድ አዲስ አባል ሰጥቼ ከኋላው ዝም ብዬ ቆምኩ። በጣም ከባድ ነው፣ ሞክሩት! ልጁ በተደናገረ ቁጥር «እዚህ ጋ ተጫን» ማለት ያምራል። ግን የተደናገረበት ቦታ ሁሉ የሚስተካከል ዓረፍተ ነገር ነው።

መምህሩ ለሁለተኛ ጊዜ ለመቀረጽ ፈቃደኛ ሆኑ። ቀረጻው አሁን በሦስት ቦታ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ቀን ካወሩት ውስጥ ግን አንዳንዱን ዳግም አላነሱትም።

እናንተም ዛሬ ሞክሩ። የምትችሉትን አንድ ነገር ምረጡ፣ ለታናሽ እህታችሁ ወይም ለጓደኛችሁ በአንድ ገጽ ጻፉላቸው። ስትጽፉ «ይህ ፕሮግራም ምን ምን አለው?» ብላችሁ አትነሱ። «ይህ ሰው አሁን ምን ሊሠራ ነው? ምንስ ሊያጠፋ ይችላል?» ብላችሁ ጀምሩ።