በሰው ስም የሚሰበሰብ ሂሳብ

ነጋዴ ስሙን የሚገነባው በብዙ ዓመታት ነው። አጭበርባሪ ግን ያንኑ ስም ለመጠቀም የሚያስፈልገው ተመሳሳይ የኢሜይል አድራሻና የውሸት ኢንቮይስ ነው። ወጥመዱ ኮምፒዩተር የማያውቀውን ብቻ እንደማይዝ የጉግልና የፌስቡክ ገጠመኝ ያስረዳል።

ኤቫልዳስ ሪማሳውስካስ የተባለ የሊትዌኒያ ዜጋ፣ ለሁለቱ ኩባንያዎች ዕቃ በሚያቀርበው በታይዋኑ ኳንታ ኮምፒዩተር ስም በላትቪያ ድርጅት አስመዘገበ። በዚሁ ስም የባንክ ሂሳብ ከፈተ። ከዚያም ከአቅራቢው የተላኩ የሚመስሉ ኢሜይሎች፣ ኢንቮይሶችና ውሎች መድረስ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወደ ሂሳቦቹ ገባ። ሰውየው ጥፋቱን አምኖ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ኒውዮርክ ላይ አምስት ዓመት ተፈረደበት።

በዚህ ሁሉ የተሰበረ ቁልፍ የለም። የአቅራቢው ስም የታወቀ፣ ክፍያውም የተለመደ ስለነበር ሒሳብ ክፍሉ የዘወትር ሥራውን ሠራ። የተለወጠው ገንዘቡ የሚገባበት ሂሳብ ብቻ ነበር።

ከጓንግዡ ወይም ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ የአዲስ አበባ ነጋዴም ሊጠረጥር የሚገባው ይህንኑ ለውጥ ነው። «ባንካችን ኦዲት ላይ ስለሆነ ክፍያውን በአዲሱ ሂሳብ ላኩ» የሚል ደብዳቤ ከመጣ ክፍያው ይቁም። የላኪውን አድራሻ ፊደል በፊደል ማየት ያስፈልጋል፤ «ኦ» በዜሮ፣ «ኤል» በአንድ ቁጥር ተተክተው ሊገኙ ይችላሉ። «ዛሬ ካልከፈላችሁ ዕቃው አይጫንም» የሚለው ጥድፊያም ሌላው ምልክት ነው።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ለመጣው ኢሜይል መልስ አይሰጥም፤ በውስጡ በተጻፈው ስልክም አይደወልም። ቀድሞ በውሉ ላይ በሰፈረው ቁጥር አቅራቢውን ማነጋገር ይበቃል። የሂሳብ ቁጥር ለውጥንም አንድ ሰው ብቻውን ባያጸድቀው ይመረጣል። ገንዘቡ ከተላከ በኋላ የነቃ ነጋዴ ሳይውል ሳያድር ለባንኩና ለፖሊስ ያመልክት፤ ገንዘቡ ከተቀባዩ ሂሳብ ከወጣ ማስመለሱ እጅግ ይከብዳል።

ዘዴው በእጅ ስልክም ይመጣል። በቴሌብር ወይም በባንክ ስም «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ሰው፣ የጠራው ስም የቱንም ያህል የታወቀ ቢሆን፣ ሌባ ነው። ገንዘብ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥር ለሌላ ሰው መንገር አያስፈልግምና።